የትንኝ እንባ ያህል ቅባት

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ጥላው ነበር።

በማይክሮስኮፑ ብርሃን ሥር፣ በቀጭን ስንጥር ጫፍ ላይ የተለጠፈች አንዲት የዐይን ሽፋሽፍት ከነጥላዋ ጎልታ ትታያለች። ሴትዮዋ ሽፋሽፍቷን ወደ ክሪስታሏ ልታስጠጋ ስትል ጥላው ነፋስ እንደነካው ሣር ተወዛወዘ። መስኮቱን አየች፤ ዝግ ነው። በሩም ዝግ ነው። ማራገቢያውን ጠዋት ስትገባ እሷው ናት ያጠፋችው። ትንፋሿን ውጣ እስከ አስር ቆጠረች። ጥላው አልቆመም።

"ሻይ አብዝቼ ነው" አለች፣ ለራሷ።

ያን ቀን ሻይ የሚባል በአፏ አልዞረም ነበር።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው በዚሁ ቤተ ሙከራ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ጥግ ባለች ወንበር ላይ ጎንበስ ብላ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚላት ሰው "እሰካለሁ" ትላለች። የምትሰካውን ስትናገር ደግሞ የሚያምናት የለም። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ እንደ ጥቁር መስታወት የምታብረቀርቅ ክሪስታል ከመዳብ በተሠራች የመለኪያ ጎጆ ውስጥ ታቆማለች። በጎጆዋ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የብረት ሳህኖች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሳይነካኩ፣ ወረቀት በማያሳልፍ ክፍተት ተለያይተው። ክሪስታሏ አንደኛውን ሳህን ከጀርባው ትደግፈዋለች። በርዷት ብትኮማተር ወይም ብትለጠጥ ሳህኑ አብሯት ይሄዳል። መሣሪያውም የአንዲትን ፀጉር ውፍረት መቶ ሺህ ቦታ ቢከፋፍሉት የአንዷን ቁራሽ ያህል ፈቀቅታ እንኳ ሳያመልጠው ይመዘግባል።

"ሰው ሲከፋው ትከሻው ይወርድ የለ?" ትላለች ለጠያቂዋ። "ክሪስታልም ሆዷ የባሰ ቀን ቁመቷ ይለወጣል። ሆዷን ከፍተን ማየት አንችልም፤ ቁመቷን እንለካለን።"

ወደዚህ ቤት የመጣችው ብርጭቆና ብልቃጥ ልታጥብ ነበር። ያኔ የቤቱ አለቃ የነበሩት ሽማግሌው ፕሮፌሰር አንድ ጠዋት ክሪስታል በወረንጦ ሊይዙ ሲታገሉ አየቻቸው። ሦስት ጊዜ አመለጣቸው። "ወረንጦ ይጨፈልቃል፣ ጋሼ" አለችና ከዐይኗ አንድ ሽፋሽፍት ነቅላ በስንጥር ጫፍ ለጠፈች፤ ክሪስታሏንም እንደ ሕፃን አንከብክባ አነሣችላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብልቃጥ አላጠበችም። ክሪስታሏን ከቦታዋ የሚያስይዘው ቅባት ስንት ይሁን ሲሏት "የትንኝ እንባ ያህል" አለች። እጅግ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዳው፣ ቅዝቃዜውን የሚያስተዳድረው ባልደረባቸው ይህን ሰምቶ እትዬ ትንኝ ብሎ ሰየማት። እሷም ዝም አላለችውም፤ ዓመቱን ሙሉ ጓንቱን የማያወልቀውን ሰውዬ አቶ ቆፈን አለችው። ሁለቱም ስሞች ጸኑ።

የክሪስታሏን ነገር ያስረዷት እኚያው ፕሮፌሰር ናቸው። "ይህቺን ጥቁር ፍሬ ብረት እንዳትያት" አሏት። "ከካርቦንና ከድኝ በተገጣጠሙ ሞለኪውሎች የተሠራች ናት። እንደ ደብተር በገጽ በገጽ ተደራርባለች፤ በየገጹ መንደር አለ። ሞለኪውሎቹ ቤቶቹ፣ ኤሌክትሮኖቹ ሰዎቹ ናቸው በይ። ሙቀት ሲሆን ሰዎቹ ከቤት ቤት ይመላለሳሉ፤ ያን ጊዜ ክሪስታሏ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች። ብርዱ ሲጠና ግን ይፈራራሉ።"

"ምን ፈርተው?"

"አንድ ቤት ሁለት ሆነው እንዳይገናኙ። በተፈጥሯቸው ይገፋፋሉ። እና ሁሉም በየቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። መንገዱ ጭር ይላል፤ ኤሌክትሪክም አያልፍም።"

"ቤቶቹስ? ቤቶቹ ምን ይሆናሉ?"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። "ይህን ለመጠየቅ ተማሪዎቼ ሦስት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ቤቶቹን አቀራርቦ የያዛቸው የሰዎቹ ምልልስ ነበር። ምልልሱ ሲቀር ፈቀቅ ፈቀቅ ይላሉ፤ ክሪስታሏም በጥቂቱ ትለጠጣለች። የእኛ ሥራ ያችን ጥቂት መያዝ ነው። ግን ልብ በይ፤ ከውጭ አጥብቀሽ ከጨመቅሻት ቤቶቹ መራራቅ ይሳናቸዋል። በር ለበር ተፋጠው ስለሚቀሩ ሰዎቹም መመላለሳቸውን አይተዉም። ቀስ ብለሽ ያዣት። ከተጨነቀች ትዋሽሻለች።"

እኚህ ሰው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ቃላቸው ግን በእትዬ ትንኝ ጆሮ ውስጥ ቀርቷል።

*

የጥላውን መንቀጥቀጥ ባየች ማግስት እንደገና አየችው። ከዚያ በኋላ ማየቱን ፈርታ ዐይኗን ከጥላው ማሸሽ ጀመረች። ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ሰው ፊት ብርጭቆ አታነሣም። አቶ ቆፈን አንድ ቀን ሻይ ሲያቀብላት "እዚያ አስቀምጠው፣ ይብረድ" አለችው።

"እኔ ቤት መጥተሽ ይብረድ ትያለሽ? የነካሁት ሁሉ እየበረደ አይደል ሚስቴ የተማረረችው!" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ልቧ ግን ከሳቋ ጋር አልነበረም።

የምትፈራው መንቀጥቀጡን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ቀለላት! የምትፈራው ቤቷ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃትን ነገር ነው። ታላቅ ወንድሟ ሰዓት አዳሽ ነበር፤ የሴት ሰዓት፣ የኪስ ሰዓት፣ ለዐይን የማይሞሉ ጥርሶችን በጣቱ የሚያናግር። በሃምሳ አምስት ዓመቱ ቀኝ እጁ ጀመረው። ዛሬ ሾርባውን የምታጎርሰው እሷ ናት። ሲከፋው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ የድሮ ዜማ ይዞ የራሱን ግጥም ያንጎራጉራል፦

"የሰው ሰዓት ሳድስ ዘመኔን ፈጅቼ፣
የኔን ማን ያድሳል ሲርዱብኝ ጣቶቼ።"

አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው። ሃምሳ አምስት ዓመት ሊሞላት ደግሞ ሰባት ወር ቀርቷታል። አልጋዋ ላይ ስትጋደም እጇን ትራስ ሥር ትቀብረዋለች፤ እንዳታየው። እጇም በትራሱ ሥር እንደታፈነ ወፍ ይርገበገባል።

"ልቤ ምስጢር ይዞ አፌን ቢዘጋውም፣
እጄ ወሬኛ ነው አላስቀመጠውም።"

ግጥሙ የመጣላት እንዲያ ተኝታ ነው። ጮክ ብላ ግን አላለችውም።

*

በዚህ መሐል ነው የመጨረሻዋ ክሪስታል የመጣችው።

አሁን ቤቱን የምትመራው ዶክተሯ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትውል፣ ስትደነግጥም ስትደሰትም ጥፍሯን የምትበላ ልጅ። ክሪስታሎቹን የምታበቅለው እሷ ናት። ሁለት ክንድ ባለው ብልቃጥ ውስጥ ቀጫጭን የፕላቲነም ሽቦዎች ታጠልቃለች፤ ለዐይን የማይታይ፣ ለጆሮ የማይሰማ ኤሌክትሪክ ስድስት ሳምንት ይፈስባቸዋል። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት በዚያ መተላለፊያ በር በኃይል የዘጋ ሰው ወዮለት። በዚህኛው ዙር በብልቃጡ ፈሳሽ ውስጥ አዲስ ዓይነት ጨው አስገብታ ነበር፤ አራት ክሪስታሎች ወጡ። ሁለቱ ሲቀዘቅዙ ቸኩለው ስለነበር እንደ ስስ በረዶ ተሰነጠቁ። ሦስተኛዋ አቶ ቆፈን ሲያነጥስ የት እንደደረሰች የፈጠራት ይወቅ። የቀረችው አንዲት ናት።

"እትዬ፣ ነፍሴን ነው የምሰጥዎት" አለች ዶክተሯ ትንሿን ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ ስታኖር። "ይህቺ ከጠፋች ሌላ የሚበቅልበት ጊዜ የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ለተመራማሪዎች ጉባኤው ውጤት ካላቀረብኩ ይህንን ክፍል ይዘጉታል፤ ለሌላ ሰው መጋዘን ይሆናል።"

"አይዞሽ ልጄ።"

"የእርስዎን እጅ ባላውቅ ኖሮ እንቅልፍም አይወስደኝ ነበር።"

እትዬ ትንኝ ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ! አፏን ከፍታም ነበር። "ዶክተር..." አለች። ልጅቷ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጥታለች።

ሰኞ ጠዋት ነው። መብራቱን አበራች፤ መዳብ ጎጆዋን በማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠች፤ ክርኗን ከጠረጴዛው አጣብቃ ግራ እጇን የቀኙ ምርኩዝ አደረገችው። ሽፋሽፍቷ ክሪስታሏን ነካች፤ አነሣቻት። ሦስት ጣት ያህል መንገድ ነው ያለው ከሳጥኑ እስከ ጎጆው። በመሐል ላይ ሽፋሽፍቷ ራደች፤ ክሪስታሏም እንደ ሰከረች ዝንብ ዞረች፤ የእትዬ ትንኝም ነፍስ አብራ ዞረች። ላብ በዐይኗ ገባ። እንደምንም አደረሰቻት።

አሁን ቅባቱ ነው የቀረው። የትንኝ እንባ ያህል። እጇ ግን ልኩን አልታዘዝ አለ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትንሽ ናት፤ ክሪስታሏ ስትነቃነቅ አየች፣ ወይም የነቃነቀቻት እሷ ናት። ፈራች። ሁለተኛ ጨመረች። ጎጆውን ሲያነሱት ብትወድቅስ? ሦስተኛ። አራተኛ። ቅባቱ በክሪስታሏ ጎንና ጎን ወጥቶ ትከሻዋን እንደ ጋቢ ተከናነበ። አሁን አትወድቅም። ምድር ብትናወጥ አትወድቅም። እትዬ ትንኝ ክዳኑን ከደነች፤ ለአቶ ቆፈንም አስረከበችው።

"ምነው ገረጣሽ?" አላት።

"ቁርስ አልበላሁም።"

"እኔስ ቁርሴን በልቼም እንደገረጣሁ ነኝ" አለና ጎጆውን በረጅሙ ዘንግ ጫፍ አስሮ ወደ ጭጋጋሙ የማቀዝቀዣ በርሜል ቀስ አድርጎ አወረደው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ቅዝቃዜውን እነሱ የሚቆጥሩት ከብርድ ሁሉ መጨረሻ ተነስተው ነው። በዚያ ቆጠራ ሠላሳ ላይ ሲደርስ መንደሩ በሩን ይዘጋል ተብሎ ይጠበቃል፤ ክሪስታሏም በድንገት ተለጥጣ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ ይዘላል። የዚህችን ክሪስታል ቢጤዎች የለኩ ሁሉ ያገኙት ይህንኑ ነው።

አርባ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ሁለት። ዶክተሯ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ሠላሳ። ሃያ ስምንት። መስመሩ እንደ ረጋ ውኃ ለጥ ብሎ ሄደ። ሃያ። አሥራ አምስት። ኤሌክትሪክ ያልፍ እንደሆነ የሚለካው ሁለተኛው መስመርም ያው ነው፤ እያለፈ ነው፤ ማንም በሩን አልዘጋም።

"አልዘጉም!" አለች ዶክተሯ በሹክሹክታ። ቀጥላ ጮኸች። "አልዘጉም እኮ! አሁን በገባው አዲስ ጨው ምክንያት ነው! እንዲህ ያለ አልታየም!" እትዬ ትንኝን አንገቷን አቀፈቻት፤ ፀጉሯ ላይ ያለው እርሳስ ወለል ላይ ወደቀ። "እትዬ፣ አዲስ ነገር አገኘን!"

እትዬ ትንኝ በእቅፏ ውስጥ እንዳለች በረዶ ሆነች። ፕሮፌሰሩ ከመቃብር ሲናገሩ የሰማች መሰላት። *ከተጨነቀች ትዋሽሻለች።* ቅባት ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፤ ሲጠጥር ይኮማተራል፤ ከክሪስታሏ አብልጦ ይኮማተራል። አራት ጠብታ ቅባት በዚያች ሚስኪን ዙሪያ እንደ ቡጢ ተጨብጦ ይዟታል። ቤቶቹ ፈቀቅ ሊሉ ይፈልጋሉ፣ ቅባቱ ግን አያፈናፍናቸውም። አዲስ ነገር የለም። ያለው የእሷ ፍርሃት ነው።

"እንዳትጠፊ ብዬ አጥብቄ ብይዝሽ፣
ፍርሃቴ ነው አንቺን ሌላ ሰው ያረገሽ።"

"ምን ይላሉ እትዬ? ያንጎራጉራሉ እንዴ?"

"ደስ ብሎኝ ነው" አለች።

*

ረቡዕ ሙሉ ቀን በርሜሉ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ዋለ። ዶክተሯ ፎቅ ላይ ሆና ለጉባኤው የሚሄደውን ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ልትልከው ነው። እትዬ ትንኝ በጊዜ ወደ ቤት ገባች። ለወንድሟ ሾርባ ስታጎርስ ማንኪያው ከጥርሱ ጋር ተንኳኳ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ወንድሟ አፉን ዘጋ።

"እጅሽን አሳዪኝ።"

"ጋሼ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።"

"እጅሽን አልኩሽ!"

ዘረጋችው። ሁለት የሚንቀጠቀጡ እጆች በማዕዱ ላይ ተያዩ። ወንድሟ የራሱን እጅ ወደ እጇ አስጠጋ። ከዚያ "የእኔ ይበልጣል፤ አታሸንፊኝም" አላት። ሳይታሰባት ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሁሉንም ነገረችው፤ ጥላውን፣ ቅባቱን፣ የልጅቷን ደስታ።

"ብናገር ከዚያ ወንበር ያነሡኛል። ከዚያ ወንበር ሌላ ምን አለኝ? ዝም ብል ደግሞ ልጅቷ በሰው ፊት ውሸት ይዛ ልትቆም ነው።"

"ለምን ሰዓት ማደስ እንደተውኩ ታውቂያለሽ?"

"በእጅህ ምክንያት ነዋ።"

"እጄ ከጀመረው በኋላ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደብቄ። አንድ ሰው የአባቱን ሰዓት አመጣልኝ። ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች ውስጧ፤ የሰዓቷ ልብ እሷ ናት። ጠመዘዝኳት። እጄ ነው የጠመዘዛት። ሰውዬውን 'ዕድሜዋ አልቋል፣ አትድንም' አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?"

"ሰደበህ?"

"'አመሰግናለሁ' አለኝ። አመነኝ እኮ! የአባቱን ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ፣ አመስግኖኝ ሄደ።" እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። "በሽታውን ለምጄዋለሁ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ያ 'አመሰግናለሁ' ነው።"

እትዬ ትንኝ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የበላ የለም።

*

ሐሙስ ጠዋት አቶ ቆፈን ጎጆውን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። "ሙሽራዋ ተመለሰችልሽ" ብሎ ፓምፑን ሊያይ ሄደ። ብቻዋን ቀረች። ክዳኑን ከፈተች። ቅባቱ በማይክሮስኮፑ ሥር ወፍራም፣ የማያጠራጥር ሆኖ አበራ። ማንም የሥራው ሰው ቢያየው ይደነግጣል።

በእጇ አጠገብ ቅባት የሚያሟሙበት ጠርሙስ ቆሟል። ሁለት ጠብታ ይበቃል። ሁለት ጠብታ ብቻ፤ ቅባቱ ይሟሟል፤ ክሪስታሏ ንጹሕ ሆና ወደ ሳጥኗ ትገባለች፤ ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ጠርሙሱን አነሣች። ጠርሙሱ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ክብ ክብ ሠራ። የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል ይላል። ፎቅ ላይ የዶክተሯ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ቁጭ አለች፤ ተነሣች። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሰችውና ሐሳቧ ሳይቀየር በፊት እስከ ደረጃው ሄዳ ተጣራች።

"ዶክተር! ነይማ እዪው ይህን!"

ልጅቷ እየሮጠች ወረደች። "ተሰበረች?"

"አልተሰበረችም። ተመልከቺ።"

ዶክተሯ በማይክሮስኮፑ አጎነበሰች። ቀና አላለችም። ብዙ ቆየች። እትዬ ትንኝ የልጅቷን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው፤ የሸሚዟ ስፌት በትከሻዋ ላይ ቀስ እያለ ሲወጠር።

"ይህን ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? እርስዎ እንዲህ አያደርጉም። እትዬ፣ ይህ እኮ... ይህ እኮ እንደ ጭቃ ነው የተለሰነው! ጨምቋታል! ያ ሁሉ መስመር..." ዞረች። ዐይኗ ቀልቷል። "ለምን?"

እትዬ ትንኝ ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣችና በመብራቱ ሥር ዘረጋችው። መናገር አላስፈለጋትም። እጁ ለሃያ ሁለት ዓመት ያላወራውን አወራ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አራት ወር ሆነው።"

"አራት ወር! ለምን አልነገሩኝም? ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ልልከው ነበር እኮ! በሰው ሁሉ ፊት... ስሜን..." ድምጿ ተሰበረ። "አቅፌዎት ነበር፤ ያኔ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ዶክተሯ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ልክ በዚያው ቅጽበት አቶ ቆፈን ገባ፤ ቀልድ በአፉ ይዞ ነበር፤ ሁለቱን አይቶ ዋጠው። ከዚያ የእትዬ ትንኝን እጅ አየ። ጓንቱን አወለቀ። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ባዶ እጁን ያዩት። ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም፤ መልሶ አጠለቀው።

"ምን እናድርግ?" አለ።

"አውጥተን እንደገና እንሰካታለን" አለች ዶክተሯ፣ ማንንም ሳታይ። "ቅባቱን ቀንሰን እንለካታለን። ምናልባት እንደዚያም ሆኖ ላይዘጉ ይችላሉ። ምናልባት እውነት ይሆናል።" ቁጭ አለችና እጆቿን ተመለከተች። "እኔ አልችልም። ከወረንጦ ውጪ አላውቅም። እርስዎ ነዎት የሚያወጧት።"

"በዚህ እጅ?"

"ሌላ እጅ የለንም።"

ሰዓቱ ሄደ። ፈሳሹን ጠብ አደረገች፤ ቅባቱ ሟሟ። ሽፋሽፍቷ ቀረበች፤ ራደች። እትዬ ትንኝ መለስ አለች። እንደገና ቀረበች፤ እንደገና ራደች። "የእጄን አንጓ ያዥልኝ" አለች። "እዚህ ጋ፣ ከሥር። አጥብቀሽ አይደለም። መንቀጥቀጡን አታስቁሚው፤ እሺ አይልሽም። ብቻ ሸክሙን ተቀበይኝ።"

የዶክተሯ እጅ ቀዝቃዛ ነበር፤ እሱም ይርድ ነበር። ሁለቱ አብረው ወረዱ። ክሪስታሏ ከጎጆው ተላቀቀች፤ ስትወጣ ግን ጠርዟ የመዳቡን ከንፈር ነካው። ለጆሮ የማይሰማ ነገር ሆነ። አንዲት ጥግ ተቆርሳ ቀረች። ዶክተሯ ትንፋሿ ቆመ።

"ትልቁ ወገን አለ" አለች እትዬ ትንኝ። "አለ፣ አለ። ያዥኝ። አትልቀቂኝ።"

ሰኳት። በአንዲት ጠብታ፤ መታየቷ በሚያጠራጥር። በጎጆው ውስጥ ክሪስታሏ ምንም ያልያዛት መስላ ቆመች። እትዬ ትንኝ ክዳኑን ስትገጥም ብብቷ ድረስ በላብ ርሳ ነበር። ጽሑፉ በዚያን ቀን እኩለ ቀን አልሄደም።

*

አርብ ከሰዓት በኋላ። እነዚያው ሦስት ሰዎች፣ ያው ስክሪን። ማክሰኞ ዕለት የነበረው ጫጫታ ግን የለም። እትዬ ትንኝ ከሁለት ፍርሃት መሐል ቆማለች። መስመሩ ከዘለለ የልጅቷን ግኝት ገደለችው። ካልዘለለ ደግሞ ምስጢሯን በከንቱ አውጥታለች፤ የቀጠፈችው ጥግም በከንቱ ሆነ። የቱን እንደምትለምን ለራሷም አልገባትም። ፈጣሪን "አንተ ታውቃለህ" ብላ ተወችው።

አርባ። ሠላሳ አምስት። አቶ ቆፈን ትንፋሹ ይሰማል። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሁለት።

ሠላሳ አንድ ላይ መስመሩ ዘለለ።

አንድ ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሰው ከመቀመጫው ደንግጦ እንደሚነሣ። ሁለተኛው መስመር አብሮት ወደቀ፤ ኤሌክትሪኩ ቆመ። በዚያች ጥግ በጎደላት ፍሬ ውስጥ፣ በየገጹ፣ በየመንደሩ፣ ሁሉም በሩን ዘጋ፤ ቤቶቹም ፈቀቅ አሉ።

ዶክተሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስታነሣው አላለቀሰችም፤ ያረጀች ትመስል ነበር።

"ሌሎቹ ያገኙት ነው" አለች። "አዲስ ነገር የለም።"

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ዛሬ አልልም። ዛሬ ይቅርታ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።" ተነሣች፣ ተቀመጠች። "ግን ባይነግሩኝ ኖሮ... ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ 'ስንት ቅባት ነው የቀባችሁት?' ቢለኝ..." አልጨረሰችውም። የመለኪያውን መዝገብ ጎተተችና በእትዬ ትንኝ ፊት አኖረችው፤ እርሳሱን ከፀጉሯ ነቀለች። "የሰኞውን ይጻፉት። እርስዎ ራስዎ።"

"ጽሑፌ አይነበብም፣ ልጄ። ይንቀጠቀጣል።"

"ይንቀጠቀጥ።"

አቶ ቆፈን ወንበር አቀረበላት። እትዬ ትንኝ ጻፈች። *የሰኞው አሰካክ ቅባት በዝቶበታል። ክሪስታሏ ተጨንቃ ነበር። ልኬቱ አይታመን። የሰካሁት እኔ ነኝ።* ፊደሎቹ ተራራና ሸለቆ ሠሩ፤ የአንዳንዱ እግር ከመስመሩ ወረደ። ዶክተሯ በትከሻዋ በኩል አንድ በአንድ አነበበችው።

"ይነበባል" አለች። ትንሽ ቆይታም "ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?"

"እፈራለሁ።"

"ማክሰኞ ጠዋት አብሬዎት እሄዳለሁ። ክፍሉን ቢዘጉትም ባይዘጉትም።"

እትዬ ትንኝ ራሷን ነቀነቀች። ፍርሃቱ ከሆዷ አልወጣም፤ አሁን ቀን ተቆርጦለታል፤ ማክሰኞ ይባላል። መዝገቡን ዘጋችና እጇን በላዩ ላይ አሳረፈችው፤ ለሁሉም እየታየ።